«ቦሮው» እና «ሌንድ»፦ ልጆች ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዲለዩ ወላጆች ምን ሊያግዙ ይችላሉ?

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተደጋግመው ከሚሰሙ ስህተቶች አንዱ፣ ተማሪ ከጎኑ ከተቀመጠው ጓደኛው እስክሪብቶ ሲጠይቅ የሚፈጠረው ነው። ተማሪው «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ይላል። ጓደኛው ሐሳቡ ስለገባው እስክሪብቶውን ያቀብለዋል፤ ስህተቱም ሳይታረም ያልፋል። በመደበኛው እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይባልም። ትክክለኛው አነጋገር «ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ወይም «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» የሚለው ነው።

ሁለቱ ቃላት አንዱን ድርጊት ከሁለት ወገን ሆነው የሚገልጹ ናቸው። «ቦሮው» የተቀባዩ ሥራ ነው፤ ዕቃው ወይም ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ሆኖ ለጊዜው የሚወስደውን ሰው ይመለከታል። «ሌንድ» የሰጪው ሥራ ነው። ዕቃው አንድ፣ እጅ የሚለዋወጥበት ቅጽበትም አንድ ቢሆንም፣ ቃሉ የሚመረጠው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ታይቶ ነው።

ይህን ልዩነት ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። «ወንፊት ከጎረቤት ተዋስን» እና «ለጎረቤት ወንፊት አዋስን» የሚሉትን አረፍተ ነገሮች ሰምቶ ወንፊቱ አሁን በማን ቤት እንዳለ የማይለይ የስድስት ዓመት ልጅ አይገኝም። ስለዚህ ልጁን የሚቸግረው የሐሳቡ መክበድ አይደለም። የሚቸግረው የትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ከየትኛው የአማርኛ ቃል ጋር እንደሚሄድ አለማወቁ ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችም በዚህ ጉዳይ ልጃቸውን በሚገባ ሊያግዙ የሚችሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ የቃላት ዝርዝር ነው። ልጁ ከሰሌዳ ላይ «ቦሮው፦ መዋስ»፣ «ሌንድ፦ ማዋስ» ብሎ ይገለብጣል። «መዋስ» እና «ማዋስ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ እርሱም «መ» እና «ማ» ነው። «መበደር» እና «ማበደር» ላይም እንዲሁ ነው። ፈጥኖ የሚገለብጥ ልጅ በደብተሩ ላይ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ሊጽፋቸው ይችላል፤ በትክክል ቢገለብጣቸውም ከሳምንት በኋላ ሲያነባቸው ልዩነታቸው ዓይኑን አይስበውም። ከዝርዝሩ ይልቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍለት ኖሮ፣ «ተዋስኩ» እና «አዋስኩ» የሚሉት ቅርጾች እርስ በርስ አይምታቱበትም ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ ጠለቅ ያለ ነው። በአማርኛ ዕቃ የምንጠይቀው ከሰጪው ወገን ሆነን ነው፤ «አውሰኝ» ወይም በአክብሮት «ያውሱኝ» እንላለን። «እስክሪብቶህን ልዋስህ?» ማለት ስህተት ባይሆንም ዘወትር የሚሰማ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ በትሕትና ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀባዩ ወገን ይጀምራሉ፤ «ካን አይ ቦሮው» የሚለው አነጋገር የተለመደውም ለዚህ ነው። ልጁ በክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው «ቦሮው» የሚለውን ቃል ስለሆነ፣ በልቡ ያለውን «አውሰኝ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ቀድሞ የሚመጣለት ይኸው ቃል ነው። «ቦሮው ሚ» የሚለው የተሳሳተ አነጋገር የሚወለደውም እንዲህ ነው። ይህ የልጁ ስንፍና ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆኑ ልጆችም ሁለቱን ቃላት ያቀያይራሉ።

ከዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ጥሩ መሣሪያ ያቀብላል። «ተዋሰ» እና «ተበደረ» በ«ተ» ይጀምራሉ፤ የተቀባይ ሥራ ስለሆኑ በእንግሊዝኛ «ቦሮው» ናቸው። «አዋሰ» እና «አበደረ» በ«አ» ይጀምራሉ፤ የሰጪ ሥራ ስለሆኑ «ሌንድ» ናቸው። ልጁ ይህን አንድ ጊዜ ከያዘ፣ የትኛውን ቃል እንደሚጠቀም ሲጠራጠር ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ብሎ የመጀመሪያውን ፊደል ማየት ይበቃዋል። ብልሃቱ የሚሠራው ግን ለእነዚህ ግሦች ነው። ለምሳሌ «ተከራየ» እና «አከራየ» በአማርኛ ቢለያዩም፣ በእንግሊዝኛ «ሬንት» የሚለው ቃል ለሁለቱም ያገለግላል።

ተመሳሳይ ድጋፍ በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ይገኛል። በትግርኛ «ተለቂሑ» የተበደረው፣ «ኣለቂሑ» ያበደረው ነው። በአፋን ኦሮሞ ዕቃ ማዋስ «ኤርጊሱ»፣ መዋስ «ኤርጊፈቹ» ይባላል። ወላጆች ለልጃቸው በራሳቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢያስረዱ ይመረጣል።

አንድ የሚያደናግር ነገር ግን አለ። አማርኛ ራሱ ተመላሽ የሆነን ዕቃና ተጠቅመንበት የሚያልቅን ነገር ይለያል። ወንፊት እንዋሳለን፤ የምንመልሰውም ያንኑ ወንፊት ነው። ገንዘብ ወይም እህል ግን እንበደራለን፤ የምንመልሰው ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ እህል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱን በተለያየ ቦታ ይደነግጋቸዋል። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በግሡ አያሳይም፤ መጽሐፍም ሆነ ገንዘብ ወይም አንድ ኩባያ ዘይት ለወሰደ ሰው ሁሉ «ቦሮው» ይላል። ልጁ «መዋስና መበደር የተለያዩ ከሆኑ ለምን አንድ ቃል ሆኑ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ይኸው ነው።

ጉዳዩ ከክፍል ውስጥ እስክሪብቶ ልመና አልፎ የሚሄድ ነው። በአገራችን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም እንዲሁ። አንድ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ለማሳያ ይሁን። አልማዝ 600 ብር፣ ከበደ 400 ብር አላቸው እንበል፤ ቀጥሎም «አልማዝ ሌንት ከበደ 100 ብር» ይላል። አልማዝ ናት ያበደረችው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው 500 ብር ይኖራቸዋል። ቃሉን «ተበደረች» ብሎ የተረዳ ተማሪ ግን አልማዝን 700፣ ከበደን 300 ያደርጋቸዋል። መደመርና መቀነሱን በሚገባ ያውቃል፤ ጥያቄውን ያጣው በአንድ ግሥ ምክንያት ነው። በሒሳብ መዝገብ ትምህርትም የተበደሩት ዕዳ፣ ያበደሩት ደግሞ ተሰብሳቢ ስለሆነ ሁለቱን ማቀያየር መዝገቡን ይገለብጠዋል። ልጁ አድጎ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የብድር ውል ሲቀርብለት፣ «ሌንደር» የተባለው አበዳሪው፣ «ቦሮወር» የተባለው ደግሞ የመክፈል ግዴታ ያለበት ተበዳሪው መሆኑን አውቆ መፈረም ይኖርበታል።

ከላይ በቀረበው የሒሳብ ጥያቄ ውስጥ «ለ» ወይም «ከ» የሚል ምልክት አለመኖሩን ልብ ማለት ይገባል። «ሌንድ» ተቀባዩን ያለ መስተዋድድ ከጎኑ ሊያስቀምጥ ይችላል። መስተዋድድ ሲኖር ግን ለልጁ ትልቅ እገዛ ነው፤ «ቦሮው» ከ«ፍሮም» ጋር፣ «ሌንድ» ከ«ቱ» ጋር ይሄዳሉ። በአማርኛም «ከእርሷ ተበደረ»፣ «ለእርሱ አበደረች» ስለምንል «ፍሮም» በ«ከ»፣ «ቱ» በ«ለ» ቦታ መግባታቸውን ማሳየት ቀላል ነው።

በቤት ውስጥ ልምምዱ መጽሐፍም ሰሌዳም አይፈልግም። አንድ ማንኪያ ወይም እርሳስ ይበቃል። እናት እርሳሱን ለልጇ እያቀበለች «አሁን ማን አዋሰ? ማን ተዋሰ?» ብላ በአማርኛ ትጠይቃለች። ልጁ «አንቺ አዋስሽ፣ እኔ ተዋስኩ» ብሎ ከመለሰ በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል እርሱ ራሱ ይጨምራል። ቀጥሎ ቦታ ይለዋወጣሉ። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ሦስተኛ ሆና ብትገባ ጨዋታው ይጠነክራል፤ ከተዋሰችው እርሳስ ላይ ለሌላው ስታውስ ያው ልጅ በአንድ ጊዜ «ቦሮወር» እና «ሌንደር» ትሆናለችና። ከጨዋታው ይልቅ ደግሞ እውነተኛው አጋጣሚ የተሻለ ያስተምራል። ልጅ ከጎረቤት ምጣድ እንዲያመጣ ሲላክ፣ ከዕድር ወንበርና ድንኳን ሲመጣ፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይዞ ሲገባ፣ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ መጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ሁለቱን ቃላት በአንድ ቀን አጣምሮ ማስጀመር ግን አይመከርም። እጅግ የሚቀራረቡ ቃላት አብረው ሲቀርቡ ልጁ ጥንድ መሆናቸውን ያስታውሳል፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ግን ይጠፋበታል። በመጀመሪያ «ካን አይ ቦሮው» የሚለውን ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን ያህል ብቻውን ይለማመድ፤ አፉ ሲላመድ «ሌንድ ሚ» ይከተል። ሲሳሳት ንግግሩን አቋርጦ ከመገሠጽ ይልቅ፣ የጠየቀውን ዕቃ እየሰጡ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር በለሆሳስ መድገም ይመረጣል። ወላጁ እንግሊዝኛውን የማይችል ከሆነም «ከማን ወገን ነው የተናገርከው?» የሚለው የአማርኛ ጥያቄ በቂ ነው።

የኃላፊ ጊዜው ትንሽ ጥንቃቄ ይሻል። «ቦሮው» እንደ ብዙዎቹ ግሦች መጨረሻው ላይ ድምፅ ጨምሮ «ቦሮውድ» ይሆናል። «ሌንድ» ግን ወደ «ሌንት» ይለወጣል እንጂ «ሌንድድ» አይባልም። «ሌንት» ደግሞ ኪራይን ከሚገልጸው «ሬንት» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ልጆች በጽሑፍ ያደባልቋቸዋል፤ የሁለቱን የመጀመሪያ ፊደል እያሰመሩ ማጻፍ ይረዳል።

በልጃቸው ደብተር ላይ ቃላቱ ያለ ዓረፍተ ነገር በዝርዝር ብቻ ተጽፈው የሚያገኙ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የክፍሉን የእንግሊዝኛ መምህር በማነጋገር ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመርበት መጠየቅ ይችላሉ። ለውይይቱ ደብተሩን ይዞ መሄድ ጠቃሚ ነው፤ ስህተቱ የመጣው ከመገልበጥ ይሁን ከመረዳት፣ መምህሩ የልጁን ጽሑፍ አይቶ ሊለይ ይችላል።