ላሊበላ በክረምት

ላሊበላ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ገና ነው። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ከተማዋ በምእመናንና በቱሪስት ትጨናነቃለች፤ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል፤ ያላገኘም ደጅ ያድራል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለመሆኑ ጎብኚ ክረምትን የሚሸሸው ለምንድን ነው? ሽሽቱስ ተገቢ ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ዝናብ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ደግሞ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ወደዚያ በእግር ወይም በበቅሎ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንገዱ ድንጋያማና ዳገት ስለሆነ ሲርስ ያንሸራትታል። ጉም ከወረደ ደግሞ የላስታን ሸለቆ አያለሁ ብሎ የወጣ ሰው ምንም ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው፤ አብዛኛው የጉብኝት ፕሮግራም የሚወጣው መስቀልን፣ ገናንና ጥምቀትን ተከትሎ ነው።

ይሁን እንጂ ክረምቱ ባዶ ወቅት አይደለም። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ጠዋት ማልዶ የተነሳ ሰው አሸተንን አይቶ መመለስ ይችላል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ይገባል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም በአስቀዳሽ ይሞላሉ። ጾሙ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ የላስታ ልጃገረዶች ለምለሙን የአሸንድዬ ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። የአውሮፓዋ ቬኒስ በብርዱ ወራት ጎብኚ ለመሳብ ተቋርጦ የነበረውን ካርኒቫሏን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደገና ማስጀመር ነበረባት። ላሊበላ ግን አሸንድዬ አላት እኮ! የጎደለው የሚያውቅላት ሰው ነው።

የወቅቱ ጉዳት ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። በቅሎ የሚያከራየው ገበሬ ክረምት ላይ እርሻ አለው። አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጇና ጌጣጌጥ ሻጩ ግን በበጋ ያገኟትን እስከ መስቀል ማብቃቃት ይኖርባቸዋል። በጥቂት ወራት ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ አንድ ወቅት ሲበላሽ ዓመቱን ሙሉ ይናጋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 መጨረሻ ደግሞ ከተማዋ ድረስ የደረሰው ጦርነት ይህን በግልጽ አሳይተዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በእኔ እምነት መፍትሔው ፈረንጅን ብቻ መጠበቅ አይደለም። የኛ ተማሪዎችና መምህራን እረፍት የሚወጡት በክረምት ነው፤ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት በአብዛኛው ያኔ ነው። የአሸንድዬ ሳምንትን ከአሸተን ጉዞ ጋር አያይዞ ማስተዋወቅ ለከተማዋ ትልቅ እፎይታ ይሆናል። የገናውን መጨናነቅም ትንሽ ያቃልላል።

ለሚሄድ ሰው ምክሬ አጭር ነው። የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና መቀየሪያ ካልሲ ይያዝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃልና። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ስላለ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካሉ ሰዎች ያጣራ።