በትዕዛዝ የሚታተም ጨርቅ፦ ከደንበኛው ቃል እስከ ማተሚያው ጠረጴዛ

በስክሪን የሚታተም ጨርቅ በሚያዝ ነጋዴና በአታሚው መካከል ክርክር ሲነሣ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ዕቃው ታስሮ ከተረከበ በኋላ ነው። አዛዡ «ያልሁት ቀይ ይህ አይደለም» ይላል፤ አታሚውም «እንደ ተነገረኝ አትሜአለሁ» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ተናጋሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በመካከላቸው የቀረው ግን ብዙ ሜትር ጨርቅ ነው፤ የታተመ ጨርቅ ደግሞ እንደ ነጭ ጨርቅ ወደ መደብር ተመልሶ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው ቀለም ከመበጥበጡ በፊት፣ ትዕዛዙ በወረቀት ላይ በሚሰፍርበት ሰዓት መሆኑን ለአባሎቻችን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው። በእንጨት ወይም በብረት ፍሬም ላይ ስስ መረብ ይወጠራል። ቀድሞ መረቡ ከሐር ይሠራ ስለ ነበረ «ሲልክ ስክሪን» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ቀርቶአል፤ አሁን ግን በአብዛኛው የፖሊስተር መረብ ነው። በመረቡ ላይ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባና ይደርቃል፤ ንድፉ በጥቁር የሰፈረበት ፊልም ተደርቦበት ለብርሃን ይጋለጣል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠነክራል፤ በጥቁሩ የተሸፈነው ግን በውሃ ታጥቦ ይወጣና ቀለም የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ስክሪኑ በጨርቁ ላይ ይቀመጥና ቀለሙ በጎማ መግፊያ ከዳር እስከ ዳር ይሳባል። አንድ ስክሪን የሚያትመው አንድ ቀለም ብቻ ስለ ሆነ፣ አምስት ቀለም ያለው ንድፍ አምስት ፊልም፣ አምስት ስክሪንና በዚያው ጨርቅ ላይ አምስት ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል። እያንዳንዱም ቀለም ከቀደመው ጋር ልክ በልክ መግጠም አለበት።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሳይመን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በማንቸስተር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1907 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያን ዘመን ታላላቆቹ ፋብሪካዎች የሚያትሙት ንድፉ በተቀረጸባቸው የመዳብ ሲሊንደሮች ሲሆን፣ የቅርጹ ወጪ ከባድ በመሆኑ አንድ ንድፍ እጅግ ብዙ ሜትር ካልታተመ ወጪውን አይመልስም ነበር። ስክሪኑ ይህን አስቀረ። በጥቂት ወጪ ስለሚዘጋጅ ለአንድ ሆቴል፣ ለአንድ ማኅበር ወይም ለአንድ ሠርግ ብቻ የሚሆን ጨርቅ ማተም ተቻለ። በ1963 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ ስቶርክ ኩባንያ የሚሽከረከር ስክሪን በሐኖቨር የጨርቃ ጨርቅ መሣሪያዎች ትርኢት ካሳየ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ፍጥነትንም አገኙ። ጠፍጣፋው ፍሬምና ረጅሙ ጠረጴዛ ግን ለአነስተኛው ትዕዛዝ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን መመልከት ይገባል። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ስክሪን ከነፊልሙ ለማዘጋጀት 1,000 ብር ይፈጃል እንበል። ስድስት ቀለም ያለው ንድፍ 6,000 ብር ይሆናል። የታዘዘው ጨርቅ 60 ሜትር ከሆነ፣ ቀለሙና ጉልበቱ ሳይታሰብ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 100 ብር ይወድቃል። ያው ንድፍ በሦስት ቀለም ቢሠራ 50 ብር ነው። ትዕዛዙ 600 ሜትር በሆነ ጊዜ ግን ልዩነቱ በሜትር 10 ብርና 5 ብር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ጥቂት ጨርቅ የሚያዝ ነጋዴ «ቀለሙ ይብዛልኝ» ሲል ምን ያህል እንደሚከፍል ከዚህ ይረዳል። ጥቁር ካናቴራ ላይ ቢጫ ጽሑፍ የሚፈልግም ቢጫው እንዲደምቅ ከሥሩ ነጭ መታተም ስላለበት፣ አንድ ቀለም ያዘዘ መስሎት ሁለት ስክሪን ማዘዙን ይወቀው።

«ያማረ ነገር ሥሩልኝ» ትዕዛዝ አይደለም። ንድፍ አውጪው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ጨርቁ ምን ሊሆን እንደ ተፈለገ ነው። የሆቴል መጋረጃ ከሩቅ ይታያል፤ ሲሰበሰብም እጥፋቱ ብዙውን ክፍል ስለሚውጠው ደቃቅ ሥዕል እዚያ ላይ ከንቱ ድካም ነው። የገበታ ጨርቅ በአንጻሩ ከቅርብ ይታያል፤ ወጥ ይፈስበታል፤ በሙቅ ውሃና በብርቱ ሳሙና ይታጠባል። ለመጋረጃ ያማረው ለገበታ ሳይሆን ቢቀር የሚያስገርም አይደለም።

ዓላማው ተለይቶ የታወቀ ትዕዛዝ ምን እንደሚያስገኝ የታወቀ ምሳሌ አለ። በ1951 እ.ኤ.አ. በለንደን በተደረገው የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ሮቢን ዴይ የተባለው የቤት ዕቃ ንድፍ አውጪ ለሚያሳያቸው ክፍሎች አዲስ ዓይነት ጨርቅ አስፈለገው። ባለቤቱ ሉሲየን ዴይ ለእነዚያው ክፍሎች «ካሊክስ» የተባለውን ንድፍ አወጣች፤ ይኸውም በቀጫጭን መስመሮች የተያያዙ የጽዋ መልክ ያላቸው ቅርጾች ሲሆኑ ሂልስ የተባለው ድርጅት በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በስክሪን አሳተመው። የድርጅቱ ኃላፊ የሚሸጥ አልመሰለውም ነበር። ጨርቁ ግን በዚያው ዓመት በሚላኖ ትሪየናሌ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ፤ ገበያውም ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። ሴትዮዋ ንድፉን ያወጣችው ግድግዳውና ወንበሩ ለታወቀ ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፊንላንድ ነው፤ ለአገራችን አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች የበለጠ የሚጠቅመውም ይህ ይመስለናል። አርሚ ራቲያ በ1951 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ የሆነችበት ማሪሜኮ ኩባንያ ጨርቁን በእጅ ያትም ነበር። በእጅ ሲታተም ሁለት ቀለሞች ድንበራቸውን ጠብቀው እንዲገጥሙ ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በጥቂቱ ከተዛነፉ በመካከላቸው ነጭ ክፍተት ይታያል ወይም አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ቩኮ ኑርሜስኒየሚ በ1953 እ.ኤ.አ. «ፒኮሎ» የተባለውን ባለመስመር ንድፍ ስታወጣ ቀለሞቹ ሆን ብለው እንዲደራረቡ አደረገች። በተደራረቡበት ስፍራ ሦስተኛ ቀለም ተገኘ፤ ለዚያ ቀለም የተከፈለ የስክሪን ዋጋ ግን የለም። የእጁ መወላገድም ስሕተት መሆኑ ቀርቶ የጨርቁ መልክ ሆነ። ከዚሁ ጨርቅ በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዮካፖይካ» የተባለው ሸሚዝ ከብዙ ዓመታት በኋላም ይሸጥ ነበር። የጠረጴዛውን አቅም የሚያውቅ ንድፍ አውጪ ለደንበኛው ገንዘብ ያተርፍለታል ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ስለ ጨርቁ ጥቂት እንጨምር። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ አቡጀዲ ክሩ ሲሸመን እንዳይበጠስ የተቀባው ስታርች ስላለበት፣ ሳይታጠብና ሳይቀቀል ቢታተም ቀለሙን አጥብቆ አይዝም፤ በኋላ ሲታጠብም ይሸማቀቃል። ለጥጥ የሚሆነው ሪአክቲቭ ቀለም በእንፋሎት ከክሩ ጋር ይዋሐዳል፤ ጨርቁንም አያደርቀውም፤ ፖሊስተር ላይ ግን አይይዝም። ፒግመንት የሚባለው ቀለም ለሁለቱም ይሆናል፤ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ከተጋለጠ ይረጋል፤ ነገር ግን በጨርቁ ፊት ላይ የሚቀመጥ ስለ ሆነ ሰፊ ስፍራ ሲሸፍን ያደርቃል፤ ደማቁም በፍትጊያ ይለቃል። በእጅ የተሸመነ ሸማ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልሙ ስለ ላላ ቀለሙ ወደ ሥር ያልፋል፤ ጨርቁም በመግፊያው ይሳባል። ለዚህ ቀጫጭን መስመርና በዛ ያለ ነጭ ስፍራ ያለው ንድፍ ይስማማዋል። ሙሉውን በፒግመንት መሸፈን የሸማን ልስላሴ ማጥፋት ስለ ሆነ፣ ደንበኛው ቢጠይቅ እንኳ አታሚው ሊመክረው ይገባል።

ንድፉ ተመልሶ የሚጀምርበት ልክም አስቀድሞ ይወሰን። የሚሽከረከረው ስክሪን ዙሪያ በተለምዶ 64 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ለፋብሪካ የሚሰጥ ንድፍ በ64፣ በ32 ወይም በ16 ሳንቲ ሜትር እንዲመለስ ሆኖ ይሣላል። በጠፍጣፋ ፍሬም ላይ ነጻነቱ ይሰፋል፤ ሆኖም ልኩ ከፍሬሙ መጠን ጋር ካልተስማማ መጋጠሚያው በየመካከሉ እንደ ጠባሳ ይታያል። አበባው ወደ ላይ ብቻ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ገልብጦ መቁረጥ ስለማይችል ብዙ ቁራጭ ይባክናል። ይህን ብዙ አዛዦች የሚያውቁት ልብስ ሰፊው ተጨማሪ ሜትር ሲጠይቃቸው ነው።

አሁን ወደ ቀዩ እንመለስ። የበርበሬ ቀይ፣ የደም ቀይና የጡብ ቀይ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ቀለሞች ናቸው። ስለዚህ በትዕዛዙ ላይ የቀለሙ ስም ሳይሆን በፓንቶን ካርድ ያለው ቁጥር ይጻፍ፤ ካርዱ ከሌለ አዛዡ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ይምጣ። በስልክ የተላከ ፎቶግራፍ ለዚህ ጉዳይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ስልክ የሚያሳየውን ሌላው አያሳየውምና። ከዚያም በራሱ በሚታተመው ጨርቅ ላይ፣ በራሱ ቀለም የሙከራ ኅትመት ይሠራ፤ በሙቀት ይርጋ፤ ይታጠብ፤ ይድረቅ። ሁለቱ ወገኖች ናሙናውን በመብራት ሳይሆን ደጅ አውጥተው በቀን ብርሃን ይዩት፤ በሱቅ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በፀሐይ ሲለያዩ ይገኛሉ። ከተስማሙ ፊርማቸውን ያኑሩበትና ከሁለት ቆርጠው እኩል ይካፈሉት። ርክክብ በሚደረግበት ቀን የሚዳኘው ይኸው ቁራጭ ነው።

ቀኑም እንደ ቀለሙ ተለይቶ ይጻፍ። ለጥምቀት የታዘዘ ካናቴራ ጥር 12 ቀን ቢደርስ ለማን ይሸጣል? የበዓል ትዕዛዝ የሚቀበል አታሚ በዚያው ሰሞን ሌሎች ማኅበራትም እንደሚመጡበት አውቆ፣ ናሙናው ተቀባይነት የሚያገኝበትን የመጨረሻ ቀን በውሉ ላይ ያስገባ። ናሙናውን ሁለት ሳምንት በኪሱ ይዞ የዘገየ አዛዥ ርክክቡ በመዘግየቱ ሊከስ አይገባውምና። በማተም ጊዜ የሚበላሽ እንደማይጠፋም የታወቀ ስለ ሆነ፣ ትርፍ ጨርቅ ማን እንደሚያቀርብና ምን ያህል ጉድለት እንደሚፈቀድ በቁጥር ይወሰን።

በመጨረሻ የሚቀረው የንድፉ ባለቤትነት ነው። በአገራችን ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ ስለ ቅጂ መብት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥተዋል። ሆኖም ንድፉን ያወጣው ሠዓሊ፣ ገንዘቡን የከፈለው ነጋዴና ስክሪኑን የያዘው አታሚ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ማን ምን እንደሚይዝ በውሉ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ከብዙ ሙግት ያድናል። ፊልሙ ለማን ይሰጣል? አታሚው ያንኑ ንድፍ ለጎረቤት ሱቅ ማተም ይችላል ወይስ አይችልም? ስክሪኑም ለዘላለም አይቀመጥም፤ አታሚው ንድፉን በኬሚካል አጥቦ አስለቅቆ መረቡን ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ስለዚህ ዳግመኛ ለማሳተም የሚያስብ ደንበኛ ስክሪኑ ስንት ወር እንዲቆይለት እንደሚፈልግ፣ የማስቀመጫውንም ዋጋ ማን እንደሚከፍል፣ የመጀመሪያውን ቀብድ በሚሰጥበት ቀን ይስማማ።