የጉልበት ሎሚ መውለቅ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው የደቡብ ወሎ ምድር ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ በቁልቁለት የሚወርድ ነው። ለዚህ አገር ነዋሪ፣ ያለ ጤነኛ ጉልበት ገበያም ሆነ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ኳስ ሲጫወት፣ እግሩን መሬት ላይ እንደ ተከለ ሰውነቱን በድንገት ያዞረ ሰው የጉልበቱ ሎሚ ሊወልቅበት ይችላል። ጉዳቱ በብዛት የሚደርሰው በወጣቶች ላይ ስለሆነ፣ ምንነቱን ማወቅ ለተማሪ ይጠቅማል።

ሎሚ የሚባለው በጉልበት ፊት ለፊት የሚገኘው ትንሽ ክብ አጥንት ነው። ከላይ ከጭን ጡንቻ፣ ከታች ከቅልጥም አጥንት ጋር በጅማት ተያይዟል። ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል። ከቦዩ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ውጭው ጎን ነው፤ በዚህም ጊዜ በውስጥ በኩል የሚይዘው ጅማት ይበጠሳል፤ ጉልበቱም ያብጣል።

ብዙ ጊዜ እግር ሲዘረጋ ሎሚው በራሱ ይመለሳል። ይሁን እንጂ አጥንቱ ተመለሰ ማለት ጉዳቱ ዳነ ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ የተጎዳውን ሰው አስቀምጦ እግሩን ባለበት ሁኔታ በተጠቀለለ ጋቢ መደገፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማኖር፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ሎሚውን በኃይል መግፋት አይገባም። ወጌሻ ባገራችን ለብዙ ዘመን የወለቀ ሲመልስ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ያግዳል። በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሕሙማን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ታይተዋል። ስለዚህ የታሰረ እግር ጣቶች ቢቀዘቅዙ፣ ቢደነዝዙ ወይም ቢጠቁሩ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ በሽተኛውም ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሐኪሙ የተሰበረ አጥንት አለመኖሩን በራጅ ካረጋገጠ በኋላ፣ ጉልበቱ ለጥቂት ሳምንታት በመደገፊያ ይያዛል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የበሽተኛው የራሱ ነው። በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱን አቅንቶ የጭኑን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያጠብቃል፤ ያላላል፤ ይደግማል። ሲበረታም እግሩን ሳያጥፍ ከመሬት ያነሣል። ሎሚውን በቦዩ ውስጥ የሚጠብቀው የጭን ጡንቻ ብርታት ነውና ይህን ልምምድ መተው አይገባም። ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስ ብዙ ጊዜ 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሕመሙ ስለ ቀነሰ ብቻ የሚቸኩል ሰው ጉልበቱ ደጋግሞ ሊወልቅበት ይችላል፤ እንዲህ ከሆነም ጅማቱን በቀዶ ሕክምና መጠገን ያስፈልግ ይሆናል።

እንግዲህ አጥንትን ወደ ስፍራው መመለስ የአንድ አፍታ ነገር ነው፤ በስፍራው እንዲጸና ማድረግ ግን የወራት ትዕግሥት ይጠይቃል።