ኑሮ ሲከብድ ቁጠባ ከምድጃና ከጎተራ ይጀምራል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቂሊንጦ ጥቁር መረሬ አፈር የለበሰ ሜዳማ አገር ነው። አፈሩ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። የአካባቢው ገበሬ በዚህ መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ፣ ዝናቡ ሲያባራም ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ እየዘራ ኖሯል። ይሁንና የከተማዋ መስፋፋት ወደ አካባቢው ከደረሰ ወዲህ ከእርሻው መሬት ብዙው ለዩኒቨርሲቲ፣ ለማረሚያ ቤት፣ ለቢራ ፋብሪካ፣ ለመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክና ለመኖሪያ ቤቶች ውሏል። በዚህም የተነሣ ቀሪው ገበሬ ማሳው እየጠበበ ሲሄድ ወጪው ግን የከተማ ነዋሪ ወጪ ሆኖበታል።

በዚህ ላይ የኑሮ ውድነቱ ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉና የብር ዋጋ በመውረዱ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ተወዷል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ቁጠባ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ከገበታ መቀነስ ነው። ከገበታ መቀነስ ግን የአራሹን ጉልበትና የልጆችን ዕድገት ይጎዳል። በገበሬ ቤት ትልቁ ብክነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይኸውም በምጣዱ ሥር፣ በጎተራው ውስጥ፣ ያለ ጊዜው በሚሸጥ እህልና በብድር በሚደገስ ድግስ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱን ቤተሰቡ ራሱ ሊያስቀር ይችላል። ሌላው ግን ያለ ገበሬ ማኅበሩ ውሳኔ አይቀርም።

በምጣዱ ሥር የሚጠፋው

በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው የሚያልቀው እንጀራ በመጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር የሚነድ እሳት ዙሪያው ክፍት በመሆኑ፣ አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳያገኘው በጎንና ከጢሱ ጋር ይሄዳል። ይህን ለማስቀረት በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገር ውስጥ የተሠራውና «ምርጥ» የሚል ስም የተሰጠው የእንጀራ ምድጃ፣ በሲሚንቶና በአሸዋ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው። እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ለወጥና ለቡና ከሰል የሚጠቀም ቤት ደግሞ «ላቀች» በተባለው የከሰል ምድጃ ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ያተርፋል።

ምድጃ ለመግዛት አቅም ያነሰው ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በጉልቻው ዙሪያ በጭቃና በጭድ ግድግዳ ማቆም፣ ማገዶ የሚገባበትንና ጢስ የሚወጣበትን ቀዳዳ ብቻ መተው፣ ማገዶውን በደንብ አድርቆ መጠቀም፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ከዚህም ሌላ ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ቀዝቃዛውን ምጣድ ማሞቁ ስለሆነ፣ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ቀን በአንድ ትኩስ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ሁለተኛዋ የማሞቂያውን ማገዶ ታተርፋለች።

በቂሊንጦ ሜዳ እንጨት ስለማይበዛ ኩበት ይነዳል። የሚነደው ኩበት ግን ለማሳ ፍግ መሆን የሚችል ነው። እርግጥ ነው፣ ፍግ ዩሪያን ሙሉ በሙሉ አይተካም። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን ሲይዝ፣ የፍግ ናይትሮጂን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ፍግና ብስባሽ ከባዱን መረሬ አፈር ያላላሉ፤ በተለይ ለጓሮ አትክልትና ለቤት ዙሪያ ማሳ ይጠቅማሉ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሌላ የምታነደው ሳይኖራት እመቤቲቱን «ኩበት አታንጅ» ማለት ከንቱ ምክር ነው። መጀመሪያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይግባ፤ የተረፈው ኩበት ከዚያ በኋላ ወደ ማሳ ይሄዳል።

ጎተራውን ከነቀዝ ማዳን

ዓመት ሙሉ የተለፋበት እህል ጎተራ ገብቶ ሲነቅዝ፣ የጠፋው እህል ብቻ ሳይሆን ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የበሬው ጉልበትም ጭምር ነው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ እህሉን በደንብ አድርቆ ማስገባት ነው። መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና እስከ ጠርሙሱ ሲሶ የሚደርስ እህል ጨምሮ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል መነቅነቅና ለ15 ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ጨውን የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካዩት እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ለጎተራ ደርሷል።

ሁለተኛው አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ከረጢት በውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢት፣ በውጭ ደግሞ እንደ ማዳበሪያ ጆንያ የተሸመነ ማቀፊያ አለው። ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ተንፍሶ ሲጨርስ ያለ መድኃኒት ይሞታል። እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው ጥብቅ ተደርጎ መታሰር፣ ከረጢቱም ከመሬት ከፍ ብሎና ከግድግዳ ራቅ ብሎ በርብራብ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። አይጥ ከበሳው ወይም በየሳምንቱ ከተከፈተ ግን ጥቅሙ ይቀራል። ቀዳዳ ካላበጀ ለሚቀጥለውም ዓመት ያገለግላል።

በዚህ ረገድ አንድ አደገኛ ልማድ መወገድ አለበት። ነቀዝ ለመግደል ከገበያ የሚገዛው የጋዝ እንክብል የሚያወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ሰውንም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎተራ ወይም ጆንያ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የትኛው እህል ይቆይ?

እህል ሁሉ በጎተራ እኩል አይቆይም። ሽምብራንና ስንዴን ነቀዝ ቶሎ ያጠቃቸዋል። ጤፍ ግን ቅንጣቱ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም። በደረቅ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ከረጢት የሌለው ቤተሰብ ለዕለት ፍጆታም ሆነ ለገበያ አስቀድሞ ሽምብራውንና ስንዴውን ቢያወጣ፣ ጤፉን ደግሞ ለክረምት ቢያቆይ ይበጀዋል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጤፍ ገበያ ላይ ቶሎ ብር ስለሚያመጣ በታኅሣሥ ይሸጣል፤ ሽምብራው በቤት ተቀምጦ ይነቅዛል።

ሽያጩም የራሱ ጊዜ አለው። አዝመራ እንደተሰበሰበ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሁሉም ስለሚገዛ ይወጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ 10 ኩንታል ስንዴ አስገባ እንበል። ከአሥሩ አንዱ ቢነቅዝበት 1 ኩንታል ጠፋ። በታኅሣሥ የሸጠው የ2 ኩንታል ብር በነሐሴ 1 ኩንታል ተኩል ብቻ የሚገዛለት ቢሆን ደግሞ ሌላ 50 ኪሎ አጣ። በድምሩ 150 ኪሎ እህል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጎርሰው ከቤቱ ወጣ ማለት ነው። እያንዳንዱ የማኅበር መሪ ይህንኑ ስሌት በአካባቢው ዋጋ አስልቶ ለአባላቱ ቢያሳይ፣ ከረዥም ንግግር ይበልጥ ያስተምራል።

በደርግ ዘመን ገበሬው የሚሸጥበትን ጊዜና ዋጋ መምረጥ አይችልም ነበር። የተመደበበትን ኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተተመነ ዋጋ ማስረከብ ነበረበት። ይህ አሠራር የቀረው መጋቢት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮታ የሚጠይቀው የለም። ሆኖም የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጆች ወጪና የሠርግ ብድር ታኅሣሥ ላይ ተደራርበው ሲመጡ ያለ ጊዜው መሸጡ አልቀረም። ስለሆነም ዕዳው በአንድ ወር እንዳይከማች ማድረግ ራሱ እህል ማዳን ነው።

ቁጠባ የሚመስል ጉዳት

ርካሽ የሆነ ሁሉ ቁጠባ አይደለም። ጓያ በእርጥበት እጥረት ጊዜም የሚበቅልና በክፉ ቀን የሚደረስበት እህል ነው። ነገር ግን ለተከታታይ ወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን ሽባነት ያመጣል። በደምቢያና በፎገራ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በዚሁ ምክንያት ብዙ ሰው ተጎድቷል። በሽታው በይበልጥ የሚያጠቃው ደግሞ በሥራ ላይ ያሉ ወጣት ወንዶችን ነው። ጓያ የሚበላ ቤተሰብ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ይድፋው፤ ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅለው፤ የዘወትር ምግቡ ግን አያድርገው።

የከብት መኖም እንዲሁ ማስላት ይጠይቃል። ሄኒከን በ2007 ዓ.ም. በቂሊንጦ የቢራ ፋብሪካ ከከፈተ ወዲህ በአካባቢው ይህ ኢንዱስትሪ አለ። ከቢራ ማምረት የሚተርፈው የብቅል ገለባ ለወተት ላሞች ጥሩ መኖ ነው። ይሁንና እርጥቡ መኖ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። 100 ኪሎ የገዛ ሰው የሚያገኘው ደረቅ መኖ 25 ኪሎ ገደማ ብቻ መሆኑን አውቆ ዋጋውን ከሌላው መኖ ጋር ያነጻጽር። በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚበላሽም ላሞቹ ከሚጨርሱት በላይ አይግዛ።

የካሣ ብር

መሬታቸው ለልማት የተወሰደባቸው ገበሬዎች ጉዳይ ከሁሉ የከበደ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለመሬቱ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ የሚሰላው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ ደነገገ። ብሩ በአንድ ጊዜ እጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል። በሕጉ ስሌት ግን የአሥራ አምስት ዓመት ምርት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋው ሰው የአሥራ ሦስት ዓመት እንጀራውን አስቀድሞ በላ ማለት ነው። መሬቱ ደግሞ አይመለስም።

በሌላ በኩል ብሩን ዝም ብሎ ማስቀመጥም አያዋጣም። የዋጋ ንረቱ ከባንክ ወለድ ሲበልጥ የተቀመጠው ብር የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ገቢ የሚያመጣ ነገር ላይ ቢውል ይመረጣል። ወተት የምትሰጥ ላም፣ የሚከራይ ክፍል፣ ሙያ የሚያስተምር ሥልጠና ለዚህ ይጠቀሳሉ። ሠርግና መኪና ከዚያ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው። ብሩ የባልም የሚስትም ስለሆነ ውሳኔው በሁለቱ ምክክር ይሁን። ዕቁብም ቢሆን በዋጋ ንረት ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚደርሰውን ሰው ይጎዳል። ስለሆነም ወራቱን ማሳጠር፣ ወይም ምድጃ፣ ከረጢትና በግ እየተገዛ የሚወጣበት የዕቃ ዕቁብ ማድረግ ይሻላል።

የማኅበሩ ድርሻ

ከላይ ከተጠቀሱት ውስጥ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያደርገው የማይችል አለ። ዋነኛው የድግስ ወጪ ነው። ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለተዝካር ትንሽ የደገሰ ሰው «ሰሰተ» ተብሎ ይታማል። ሐሜቱን የሚፈራው ገበሬ ተበድሮ ይደግሳል፤ ብድሩን ለመክፈልም እህሉን በታኅሣሥ ይሸጣል። ማኅበሩና ዕድሩ ተመካክረው የድግሱን ልክ በጋራ ሲወስኑ ግን ትንሽ መደገስ የማኅበር ደንብ ማክበር ይሆናል እንጂ ነውር አይሆንም። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመሪዎች ምሳሌነት ነው። ልክ ሲወሰን መጀመሪያ የሚጠብቀው መሪው መሆን አለበት።

ከዚህ ሌላ መሪዎች ሦስት ነገር ሊያከናውኑ ይችላሉ። አንደኛ፣ አየር የማያስገባውን ከረጢትና ምድጃውን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል በጅምላ ማስመጣት። ሁለተኛ፣ አባላት እህላቸውን ሳይሸጡ የታኅሣሥን ዕዳ የሚሻገሩበት አነስተኛ ብድር ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ እንዲያገኙ ማድረግ። ሦስተኛ፣ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በሚጠራ ስብሰባ እመቤቶች እንዲገኙና እንዲናገሩ ማድረግ። ምጣዱ ስንት ማገዶ እንደሚፈጅ፣ ጎተራው መቼ እንደሚጎድል ከማንም ይልቅ የምታውቀው እመቤቲቱ ናት። እሷ ያልተስማማችበት የቁጠባ ውሳኔ ከወረቀት አያልፍም።

ለዚህ ሥራ ምቹው ጊዜ ኅዳር ነው። እህሉ ጎተራ ሳይገባ፣ ሠርጉም ሳይደገስ የተደረገ ስብሰባ ፍሬው በነሐሴ ይታያል። በጥር የተጠራ ግን እህሉ ከወጣ በኋላ ይደርሳል።