«ፍም አይጎዳም» የምንለው ከሰል

ብርዱ ሲገባ በቂርያት ጋት ለቤት ጉብኝት ስንሄድ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እናያለን። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጀበናው ተጥዷል። «ጭሱን ውጭ ጨርሶ ነው ያስገባነው፤ ፍም አይጎዳም» ይሉናል እናቶች። ነገር ግን ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደ ጭስ አይደለም፤ አይታይም፣ አይሸትም።

ምን ያህሉ ይጎዳል? ልጆቻችን በኬሚስትሪ ትምህርት «የሞል ክፍልፋይ» የሚሉት ስሌት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሽንብራና ምስር የተቀላቀለበት ቁና ቢሰጠን፣ በሚዛን ሳይሆን ፍሬውን ቆጥረን «ከመቶው ስንቱ ሽንብራ ነው?» እንደማለት ነው። ደርዘን የ12 ስም እንደሆነ ሁሉ፣ ሞልም የአንድ እጅግ ትልቅ ቁጥር ስም ነው። የአንዱን ነገር ሞል ለድብልቁ ጠቅላላ ሞል ስናካፍል ክፍልፋዩ ይወጣል። ከ100 የአየር ቅንጣት 21 ያህሉ ኦክስጅን ስለሆነ፣ የኦክስጅን ክፍልፋይ 0.21 ነው።

አሁን ሳሎናችንን እናስላ። ወርዱና ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን 40,000 ሊትር አየር ይይዛል። በቤት ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ 24 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ በክፍሉ 1,667 ሞል ያህል አየር አለ። ከከሰሉ 2 ግራም ካርቦን ወደዚህ ጋዝ ቢለወጥስ? 12 ግራም ካርቦን አንድ ሞል ነው፤ 2 ግራም የሞል አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 0.167 ይሆናል። ይህን ለ1,667 ስናካፍል 0.0001 እናገኛለን፤ ከሚሊዮኑ ቅንጣት 100 ማለት ነው። 2 ግራም ደግሞ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም።

100 ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ኦክስጅን የሚሸከመው የደማችን ክፍል ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል፤ አዛውንቶች «ግፊቴ ነው» ብለው ይተኛሉ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ሁለቱን ስለማይለይ «ደህና ነው» ሊል ይችላል።

በሱቅ «ገላይ ፓሕማን ሐድ ሐምጻኒ» ብላችሁ ጠይቁ። የጭስ ጠቋሚ ብቻ ይህን ጋዝ አይለይም። በመሣሪያው ላይ የሚታየው ቁጥር ከሚሊዮን ስንት እንደሆነ ይናገራል። በሣጥኑ ላይ የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 50291 መኖሩን እዩ። በዚህ ደረጃ የተሠራው 50 ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮሃል። ባትሪውንና የአገልግሎት ዘመኑንም አረጋግጡ።

መሣሪያው ግን ፈቃድ አይደለም። የገጠሩ ሣር ቤት አየር ያሳልፍ ነበር፤ የዛሬው ቤታችን፣ ይልቁንም ማማዱ፣ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ነው። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ቡናውም ውጭ ይፈላ፤ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። መሣሪያው ከጮኸ ወይም ቤተሰቡን አብሮ ራሱን ካመመው፣ ሁሉም ወዲያው ይውጣና ወደ 101 ይደወል። ማንደጃውን ለማውጣት ብሎ ማንም ተመልሶ አይግባ።