የማሳው መዝገብ በኮድ ሲጻፍ

ኦብጀክት በፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውስጥ ስለ አንድ ነገር የሚታወቀውን ሁሉ በአንድ ስም ሥር የሚይዝ የኮድ አካል ነው። በፎገራ ሜዳ የሚዘራውን ሩዝ የሚመዘግብ ፕሮግራም ቢሠራ እያንዳንዱ ማሳ አንድ ኦብጀክት ይሆናል፤ ቦታው፣ ስፋቱ፣ የዘሩና የማዳበሪያው መጠን በውስጡ ይቀመጣሉ። ኦብጀክቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እነዚህ መረጃዎች መሞላት አለባቸው። ተራ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን እንዴት ቢጻፍ ለአንባቢ ይቀላል በሚለው ላይ የቋንቋ ነዳፊዎች ከ50 ዓመት በላይ ሲከራከሩ ቆይተዋል።

ይፋግ አጠገብ ያለ የሁለት ጥማድ (ግማሽ ሄክታር) ማሳ በፓይተን በቀጥተኛው መንገድ ሲሞላ ይህን ይመስላል፦

ማ = ማሳ()
ማ.ቦታ = "ይፋግ"
ማ.ስፋት = 0.5
ማ.ዘር = 50
ማ.ማዳበሪያ = 60

ማሳ የሚባለው ክላስ (ኦብጀክቶቹ የሚሠሩበት ንድፍ) አስቀድሞ ከተገለጸ ይህ ኮድ በግዕዝ ፊደል እንደተጻፈ ይሠራል። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (የኮምፒዩተር ፊደላት ደረጃ) ውስጥ ገብቷል፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3.0 ደግሞ ስያሜዎች ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት እንዲጻፉ ፈቅዷል።

የዚህ አጻጻፍ አንዱ ጉድለት «ማ» በየመስመሩ መደጋገሙ ነው፤ ይህስ ዓይን ከማድከም አያልፍም። የባሰው ሌላ ነው። አንድ ጸሐፊ «ማዳበሪያ» ለማለት «ማዳበርያ» ብሎ ቢጽፍ ፓይተን ሳይቃወም አዲስ ባሕርይ (የኦብጀክቱን መረጃ የሚይዝ ስም) ፈጥሮ 60ውን እዚያ ያስቀምጣል፤ እውነተኛው የማዳበሪያ ቦታ ባዶውን ይቀራል። በአማርኛ የአንድ ቃል አጻጻፍ ከሰው ሰው ስለሚለያይ እንዲህ ያለው ስሕተት ሩቅ አይደለም።

ሁሉንም በአንድ መስመር መስጠትም ይቻላል፦ ማሳ("ይፋግ", 0.5, 50, 60)። አጭር ነው፤ ግን 50ው ዘር ይሁን ማዳበሪያ የሚያውቀው የክላሱን ፍቺ ገልጦ ያየ ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ቢቀያየሩ ኮምፒዩተሩ ምንም አይልም።

ከሁለቱ መካከል ያለው መንገድ እያንዳንዱን እሴት ከነስሙ፣ ኦብጀክቱ በሚፈጠርበት ቦታ ላይ መስጠት ነው፦ ማሳ(ቦታ="ይፋግ", ስፋት=0.5, ዘር=50, ማዳበሪያ=60)። በቢሮ ቅጽ ላይ ከየባዶ ቦታው ፊት ምን እንደሚሞላ ተጽፎ እንደሚገኝ ነው። እዚህ «ማዳበርያ» ብሎ የጻፈ ወዲያውኑ ስሕተት ይነገረዋል። ፓይተን 3.0 የክላሱ ጸሐፊ ከፈለገ ስም መጥቀስን ግዴታ እንዲያደርግ አስችሏል። ሲ ሻርፕም በ2007 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ስምና እሴትን በቅንፍ ውስጥ መደርደርን ፈቀደ። ከቀረቡት መፍትሔዎች ሁሉ ብዙ ጥቅም በትንሽ ዋጋ የሚሰጠው ይህ ነው።

ጃቫን የመሰሉ፣ እሴትን በስም መስጠት የማይፈቅዱ ቋንቋዎች ግን ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። በ1994 የታተመው የአራት ደራስያን የዲዛይን ፓተርን መጽሐፍ ያስተዋወቀው «ቢልደር»፣ ዋናውን ኦብጀክት የሚገነባ ሌላ ረዳት ኦብጀክት ነው። ቆይቶ ትእዛዞቹን በነጥብ እያያያዙ መጻፍ ተለመደ፤ ማርቲን ፋውለር በ2005 ስለዚህ ስልት ጽፎ ስም አስይዞታል። ሲነበብ ያምራል። ሆኖም አራት መረጃ ለመሙላት ሌላ ሙሉ ክላስ መጻፍ የቋንቋውን ጉድለት በሰው ጉልበት መሸፈን ነው።

ድግግሞሹን ራሱን ለማጥፋት የተሞከረው ቀደም ብሎ ነበር። ኒክላውስ ቪርት በ1970 ይፋ ባደረገው ፓስካል ውስጥ «ዊዝ» የሚባል አጻጻፍ አለ፤ የኦብጀክቱ ስም አንድ ጊዜ ከተጠራ በኋላ በሥሩ «ስፋት»፣ «ዘር» እያሉ መቀጠል ይቻላል። ችግሩ ባዶው ስም የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ከማሳው ውጭ «ዓመት» የሚባል ቫሪያብል ኖሮ በዊዝ ውስጥ ቢጠራ ዛሬ በትክክል ይሠራል። በዓመቱ ሌላ ሰው ማሳ ላይ «ዓመት» የሚል ባሕርይ ቢጨምር ግን ማንም ያልነካው ያው መስመር ሌላ ነገር ማለት ይጀምራል። ቪርት ራሱ ኋላ በሠራው ኦቤሮን ይህን አጻጻፍ አስወጥቶታል። ጃቫስክሪፕትም ከ2009 ጀምሮ በጥብቅ ስልቱ ከልክሎታል።

መድኃኒቱ አንዲት ነጥብ ናት። ቪዥዋል ቤዚክ በዊዝ ውስጥ የኦብጀክቱ የሆነው ስም ሁሉ በነጥብ እንዲጀምር ያስገድዳል። ጎግል በ2011 ያስተዋወቀው ዳርት ደግሞ ሁለት ነጥብ ይጠቀማል፦

ማሳ()
  ..ቦታ = "ይፋግ"
  ..ስፋት = 0.5;

ይህ ቅርጹን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ዳርት በግዕዝ የተጻፉ ስያሜዎችን አይቀበልም። በ2016 አንደኛ እትሙ የወጣው ኮትሊን ያለ ነጥብ «አፕላይ» በሚባል ፈንክሽን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ኮትሊን ጎግል ለአንድሮይድ ሥራ የሚያስቀድመው ቋንቋ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይድ ትምህርት የወሰደ ወጣት ይህን አጻጻፍ ማግኘቱ አይቀርም። በአፕላይ ውስጥ ሌላ አፕላይ ሲገባ ግን የፓስካሉ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ ኮትሊን በ2017 ባወጣው 1.1 እትሙ ለዚህ መከላከያ ምልክት ጨምሯል።

አዲስ ሲንታክስ (የአጻጻፍ ደንብ) ወደ ቋንቋ በአንድ ሰው ፍላጎት ብቻ አይገባም። በፓይተን ሐሳብ አቅራቢው ምክንያቱን፣ ምሳሌውንና የሚያስከትለውን ችግር ዘርዝሮ ሰነድ ያቀርባል፤ ውሳኔው አምስት አባላት ላሉት የበላይ ምክር ቤት ይቀርባል። በ2023 የቀረበ አንድ ሐሳብ፣ የቫሪያብሉና የባሕርዩ ስም አንድ ሲሆን «ስፋት=ስፋት» ከማለት ይልቅ «ስፋት=» ብቻ ይበቃል የሚል ነበር። ምክር ቤቱ በ2025 አልተቀበለውም። ተመሳሳዩን አጻጻፍ ሩቢ በ2021 መጨረሻ በወጣው 3.1 እትሙ አስገብቶታል። አንዱ ቋንቋ ያጸደቀውን ሌላው መጣሉ አያስገርምም፤ አንድ ጊዜ የገባ ምልክትን ማስወጣት ነባር ኮድን ያፈርሳልና።

ከእነዚህ አጻጻፎች አንዱም የማይነካው ጉዳይ መለኪያው ነው። «ስፋት=2» የሚል መስመር ሄክታር ይሁን ጥማድ አይናገርም፤ ጥማድ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ስለሆነ ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። ለዚህ ባሕርዩን «ስፋት_በሄክታር» ብሎ መሰየም ይበቃል፤ አዲስ ሲንታክስ አያስፈልግም።