ሂተሩ ቀዝቃዛ የሚነፋ አሮጌ መኪና ምን እየነገረን ነው?

ወረታ ላይ ስለ መኪና ሂተር የሚጨነቅ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ቀትር ላይ ሹፌሩም ሆነ ተሳፋሪው የሚሻው የተከፈተ መስኮት ነው። የሂተር ነገር የሚነሳው መኪናው ወደ ሰሜን፣ ወደ አዲስ ዘመንና ጣራ ገዳም የሚወስደውን የጎንደር መንገድ ትቶ ከወረታ መገንጠያ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍና ዓለም በርን አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው ነው።

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ጉዞ የሚደረስባት ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ከዚያ በጉና ተራራ ወገብ አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ነፋስ መውጫ ያመራል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ወረታ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ጉና ሥር ሲደርስ ጋቢ መፈለጉ አይቀርም። በክረምት ደግሞ ጉሙ ይጨመርበታል። ሹፌሩ ሂተሩን ይከፍታል፤ የሚመጣው ግን ቀዝቃዛ አየር ነው። የፊት መስታወቱ በተሳፋሪዎች ትንፋሽ ይጋረዳል፤ ረዳቱ በጨርቅ ይወለውላል፤ ሹፌሩም በተወለወለችው ቀዳዳ እያጮለቀ ገደሉን ይነዳል።

ይህ የጋራዥ ጉዳይ ለገበያ ገጽ የበቃው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አለፈ። የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው፤ አሮጌው መኪና ረዥም ዘመን እንዲያገለግል ተፈርዶበታል፤ የመለዋወጫውም ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። እንግዲህ መኪና ያለውም ሆነ አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው የመኪናውን የጤንነት ምልክት ማንበብ መቻሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሂተር ከእነዚህ ምልክቶች አንዱና ርካሹ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ሂተርን እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ራሱን የቻለ ዕቃ አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ ጎማውን ለማሽከርከር የሚውለው ሲሦ ያህሉ ነው። ሌላው ሲሦ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረውን ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ የሚዘዋወረው ውሃ ተሸክሞ በራዲያተር በኩል ለነፋስ ይሰጠዋል። ሂተር የሚሠራው ከዚህ ከሚጣል ሙቀት ጥቂቱን ቆርሶ ወደ ጋቢና በማስገባት ነው። በክሩስኮቶው ሥር የተደበቀች አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች፤ ሙቅ ውሃ በአንድ ቱቦ ይገባባታል፣ በሌላው ይወጣል፤ ከኋላዋ ያለው ማራገቢያ አየሩን በላይዋ ያሳልፋል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የሂተር ሙቀት ተረፈ ምርት ነው፤ ነዳጁ አስቀድሞ ተከፍሎበታል።

ስለዚህ ማራገቢያው እየነፋ አየሩ ከቀዘቀዘ ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሙቅ ውሃ ትንሿ ራዲያተር ዘንድ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ አየሩ አላገኘውም። የመጀመሪያው ከሆነ ሕመሙ የሂተሩ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ በጠቅላላ ሊሆን ይችላል። ሂተሩን እንደ ምስክር መቁጠር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከነፃው ወደ ውዱ

በየጋራዡ የተለመደው ስህተት ከውዱ መጀመር ነው። “ጋሼ፣ የሂተሩ ራዲያተር ሞቷል፤ ይቀየር” ይባላል። ያንን ለመቀየር በብዙ መኪኖች ላይ ክሩስኮቶው በሙሉ መፈታት ስላለበት የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ብልህ ባለንብረት ግን ምንም ከማያስከፍለው ምርመራ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል።

አንደኛው ውሃውን ማየት ነው። ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ መመልከት ይበቃል። በሞቀ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላልና በፍጹም አይሞከርም። ውሃው ጎድሎ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀረው የሂተሩ ድርሻ ነው፤ ምክንያቱም በብዙ መኪኖች ትንሿ ራዲያተር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኑ የጎደለውን ቦታ የሚይዘው አየር እርሷ ዘንድ ይጠራቀማል። ውሃ መጨመር ቀላል ነው፤ ዋናው ጥያቄ ግን የት ሄደ የሚለው ነው። የጋቢናው ምንጣፍ ረጥቦ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች። በውሃ ፖምፓው ወይም በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ የደረቀ ዝገት ካለ የሚያፈሰው በዚያ ነው። ከውጭ ምንም ሳይታይ ውሃው የሚጎድል፣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ የሚወጣ ወይም ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊጠረጠር ይገባል። ይህን ገና ሲጀምር የደረሰበት ሰው ሙሉ ሞተር ከማሠራት ሊድን ይችላል።

ሁለተኛው የሙቀት መለኪያውን ማንበብ ነው። ከ15 ደቂቃ ያህል ጉዞ በኋላም ቀስቱ ከታች ካልተነሳ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም ጭራሽ የለም። ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ወደ ሂተሩ የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች መዳሰስ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሂተሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦዎቹ በጥንቃቄ ይነካሉ። ሁለቱም ሙቅ ከሆኑ ውሃው በትክክል እየዞረ ነው፤ ጥፋቱ አየሩን የሚያዞረው ክዳን ወይም እርሱን የሚጎትተው ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ከመንጠቆው ወልቆ ከሆነ መልሶ ማሰር ብቻ ይበቃል። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ደፍናለች። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ወይ አየር ይዟል፣ ወይ የሂተሩ የውሃ መዝጊያ ሳይከፈት ቀርቷል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ይህ መዝጊያ በሽቦ የሚሠራ ትንሽ ቧንቧ ስለሆነ ዓመታት ሳይነካ ሲቀር ይጣበቃል።

እግረ መንገድ ሌላም ነገር ይታያል። ትንሿ ራዲያተር ባፈሰሰች ጊዜ አንዳንድ ጋራዦች ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርሳቸው አገናኝተው ሂተሩን ከዙረቱ ያወጡታል። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው መፍትሔ ነው፤ ለሚቀጥለው ገዢ ግን ያልተነገረ ጉድለት ነው።

የደፈነችው ራዲያተር ከመለወጧ በፊት መታጠብ ይገባታል። ቱቦዎቹ ተፈትተው ንጹሕ ውሃ ከመውጫው ወደ መግቢያው በዝግታ ይለቀቅባታል፤ የጠራ ውሃ እስኪወጣ ይደጋገማል። ኃይለኛ ግፊት መጠቀም አሮጌውን ብየዳ ይከፍታልና አይመከርም። ውሃው መልሶ ሲሞላ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ዞሮ፣ ሂተሩ ወደ ሙቅ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ክዳኑ ሳይገጠም ይሠራና አረፋው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ብዙ “የማይድኑ” ሂተሮች የሚድኑት በዚህ ነው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የማን ትርፍ ነው?

ሞቃት አካባቢ በሚሠሩ መኪኖች ላይ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ሞተር በጋለ ቁጥር ቴርሞስታቱ ተወንጅሎ ይወጣል። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ፣ በአብዛኛው 80 ዲግሪን አለፍ እስኪል፣ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዝ በር ነው። እርሱ ሲወጣ ውሃው ገና ሳይሞቅ ይቀዘቅዛል። ፎገራ ሜዳ ላይ ጉዳቱ አይታይም፤ ከጉና ቁልቁል ሲወረድ ግን ሞተሩም ሂተሩም አብረው ይበርዳሉ።

ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ አብዝቶ ይጠጣል፤ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳም ቶሎ ይበላል። ከዚህም በላይ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአጭሩን ዙረት እንዲዘጋ ሆነው በተሠሩ ሞተሮች ላይ ጨርሶ ማውጣቱ ሙቅ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ እንዲመለስ ስለሚያደርግ ረዥም ዳገት ላይ መጋሉን ሊያብሰው ይችላል። ጋራዡ ለአንድ ቀን ሥራ ይከፈለዋል፤ የነዳጁን ልዩነት በየቀኑ የሚከፍለው ግን ባለንብረቱ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይታይ ብቻ ወጪ አይደለም ማለት አይቻልም።

ተመሳሳይ ስሌት በውሃውም ላይ አለ። “እኛ አገር በረዶ የለም፤ ፀረ በረዶ ምን ያደርጋል?” የሚሉ ብዙ ናቸው። ስሙ አሳስቷቸው ነው። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ለእኛ ዋነኛ ጥቅሙ ዝገትን መከላከሉና የመፍያ ነጥብን ከፍ ማድረጉ ነው። ከቧንቧና ከወንዝ እየተቀዳ የሚሞላ ውሃ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ጠባብ ቀዳዳ ባላት ትንሿ ራዲያተር ውስጥ ይቀመጣል። በሦስት ሺሕ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ይህንን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ይዞ ጉናን መውጣት እንግዲህ ውሃውን እያፈሉ መጓዝ ነው።

ጤነኛ ሂተር ሌላም ጥቅም አለው። ዳገት ላይ ሞተሩ መጋል ሲጀምር ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መስኮቶቹን ማውረድ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳልና መኪናውን አስተማማኝ ቦታ አድርሶ ለማቆም ጊዜ ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ በመካከል ተበላሽቶ መቅረት ከቀድሞው የበለጠ ያስፈራልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለገዢ

ባሕር ዳር ወይም ወረታ ላይ በጠራራ ፀሐይ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው የሚሞክረው ኤሲውን ነው፤ ሂተሩን የሚከፍት የለም። ሻጩም ይህን ያውቃል። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍቶ ውሃው የዛገ መሆን አለመሆኑን ማየት፤ ቀጥሎ 15 ደቂቃ ነድቶ ሂተሩን መክፈት። በፀሐዩ ላይ ላብ ቢያስመጣም ሙቅ አየር ከነፋ ውሃው፣ ፖምፓውና ቴርሞስታቱ በመልካም ሁኔታ ላይ ለመሆናቸው ጥሩ ፍንጭ ነው። ቀዝቃዛ ከነፋ ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ዋጋው ሊቆረጥ አይገባም። ምክንያቱ የወለቀ ሽቦ ከሆነ በዋጋው ላይ ብዙ ለውጥ የለም፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከሆነ ግን ገዢው ሊሸከመው የተዘጋጀው ዕዳ ነው።

መኪናው ያላቸው ደግሞ ምርመራውን ዳገቱ ላይ ሳይሆን ወረታ ላይ ሆነው ቢያደርጉት ይመረጣል። ሜዳው ላይ አንድ ጀሪካን ውሃና የግማሽ ቀን ጊዜ የሚፈታው ችግር፣ ጉና ሥር ሲገኝ ጎታች መኪና ይጠይቃል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።